ነጥብ በነጥብ የተሠራ ፊደል

ብስራተ ገብርኤል፣ አዲስ አበባ
መስከረም 28 ቀን 1981 ዓ.ም.

ወንድሜ አምሐ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። መዘግየቴን አውቃለሁ፤ ያዘገየኝ ግን ያንተው ሳጥን ስለሆነ የምትቆጣበት አፍ የለህም። አብሮህ ድሬስደን የተማረው አህመድ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ፤ ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ። ከሳጥኑ ጋር በላክኸው ወረቀት ላይ «የተሰበረ ነገር አለ ወይ?» ብለሃል። የለም። «የትምህርት ቤትሽ ልጆች ሲያዩት ምን አሉ?» ብለሃል። እሱ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ግን ልቆጣህ። ይህ ማሽን ያለ ቴሌቪዥን ዕውር ነው። እኛ ቤት ቴሌቪዥን እንደሌለ እያወቅህ ምን ተማምነህ ላክኸው? ሄጄ ጎረቤታችንን እትዬ አሰገደችን ለመንኩ። «ዜና ሳይጀምር መልሱልኝ እንጂ ውሰዱት፤ ግን ቢፈነዳ እናንተን አያድርገኝ» ብለው ሰጡኝ። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለሚያስተምር ትርፍ ክፍል የለውም። አባባ የአናጺነት ክፍሉን ለቀቀልን። መጋዙንና መላጊያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ሰጋቱራውን ጠርጎ፣ ለልጆቹ አግዳሚ ወንበር ሠራላቸው። እኔም ከትምህርት በኋላ መቆየት የሚፈልጉትን ይዤ መጣሁ፤ እጃቸውን አስታጥቤ አስገባኋቸው።

የባለሱቁ የሱልጣን ልጅ ከድጃ ትዝ ትልሃለች? አንተ ስትሄድ ገና ትኮላተፍ ነበር። አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። መጀመሪያ እሷን አስቀመጥኳትና «የስምሽን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ፈልገሽ ተጫኚ» አልኳት። በአንድ ጣቷ፣ ይሞቃል አይሞቅም እንደሚባል ምጣድ ፈራ ተባ እያለች ተጫነች። ኬ ብቅ አለች።

አምሐ፣ ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ውዳሴ የሚባል አንድ ቀጭን ልጅ ብድግ ብሎ ማን እንደጻፈው ሊያይ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞረ። ከድጃ ጣቷን ከቁልፉ ላይ ሳታነሳ፣ «ቲቸር፣ እኔ ነኝ እንዴ እዚያ ውስጥ የጻፍኩት?» አለችኝ። «አንቺ ነሽ» አልኳት። ጣቷን ገልብጣ አየችው። እነዚህ ልጆች እስከ ዛሬ ቴሌቪዥን ሲያናግራቸው እንጂ እነሱ ሲያናግሩት አያውቁም።

እንደተለመደው ከሥር ያለችው መስመር የአባባ ናት።

እህትህ አረጋሽ

ልጄ አምሐ፣ ዕቃህ ደርሶናል። እኔ ብዙም አልገባኝም፤ ልጆቹ ግን ዝም ሲሉ እኔም ባርኔጣዬን አወለቅሁ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ተካ

*

ድሬስደን
ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

እታለሜ አረጋሽ፣

የቴሌቪዥኑን ጉዳይ አስቀድሜ ባለማሰቤ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ እትዬ አሰገደችንም እጅ ንሽልኝ። እዚህ በየቤቱ ስላለ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት መኖሩን ዘነጋሁ። የገዛ ቤቴን መዘንጋቴ ራሴን አስደንግጦኛል።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ መብራት ሄዶ የጻፉት ሁሉ ሲጠፋ ውዳሴ አለቀሰ ያልሽኝን ሳነብ አዘንኩ። ማሽኑ ከተጠፋ ምንም አያስታውስም። መፍትሔው ካሴት ነው። አባባ መዝሙር የሚያዳምጥበትን ቴፕ በሽቦው አገናኚው፤ የጻፉትን ወደ ካሴቱ ያስተላልፋል፤ በማግሥቱ ከካሴቱ መልሶ ያነባል። ሲያስተላልፍ የሚያሰማው ድምፅ ጆሮ ይበሳል። ልጆቹን አትከልክያቸው፣ ይስሙት። ያ ጩኸት የገዛ ጽሑፋቸው ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሲነገረኝ ከላቦራቶሪው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ቃል ወደ ድምፅ፣ ድምፅ ወደ ቃል ሲመለስ መስማት እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አልመሰለኝም።

ከድጃ «ለምን አማርኛ አያውቅም?» ብላ ጠየቀች አልሽኝ። እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦ እንግሊዝኛም አያውቅም። ማሽኑ የሚያውቀው ነጥብ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት በስምንት በሆነ ሰሌዳ ላይ የሚበሩና የማይበሩ ነጥቦች ነው፤ የሚበራው አንድ፣ የማይበራው ዜሮ። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች የእኛን ፊደል አላስገቡበትም፤ በሩን ግን አልዘጉትም። በተለየ ወረቀት አሠራሩን ጽፌ ልኬልሻለሁ። ከፈለገች ራሷ ታስገባው።

ወንድምሽ አምሐ

*

ብስራተ ገብርኤል
ጥር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

ወንድሜ አምሐ፣

የላክኸው አሠራር ደረሰን። ክፍላችን ሞቅ ብሏል። ማሽኑ አንድ፣ ልጁ ብዙ ስለሆነ አባባ ከካርቶን ላይ የቁልፎቹን ቦታ እየሳለ ለየልጁ አንዳንድ ሠርቶላቸዋል። ተራቸው እስኪደርስ ካርቶኑ ላይ ይለማመዳሉ። ጻፍ ለማለት «ፕሪንት»፣ ሂድ ለማለት «ጎቱ» የሚሉትን ትእዛዞች ለምደው ሰፈሩን ሁሉ በዚያ ያዝዛሉ። ውዳሴ ታናሽ ወንድሙን «ጎቱ ቤት!» ሲለው ሰምቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ብቻ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለምታርፍ ፊደሉ አይታይም፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ እንሸፍናለን።

አሁን ስለ ከድጃ። አሠራሩን ካነበብኩላት በኋላ አባቷ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሰመረ ወረቀት ላይ ሀን በነጥብ ስትሞላ ከረመች። ከዚያ የየረድፉን ዜሮና አንድ ወደ አንዳንድ ቁጥር ቀየርን፤ እሷ አንባቢ፣ ውዳሴ ተጫኝ፣ እኔ ተቆጣጣሪ። አንድ ቦታ ተሳስተን ሀ ጥርሷ የወለቀ መሰለች። አረምነው። እንደገና ቁልፉን ተጫነች።

ሀ ወጣች። ጥቁሩ ላይ ነጭ ሆና፣ ሁለት ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ። አምሐ፣ ሀን ስንት ሺህ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ ዛሬ ግን ገና ስትወለድ ያየኋት ያህል ተሰማኝ። ልጆቹ ቆመው በአንድ ድምፅ «ሀ!» አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። አባባ መዶሻውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ

ይህን ደብዳቤ አቋርጬው ሰንብቻለሁ። ዛሬ ጥር 20 ነው። ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ሥራ ስለበዛበት በዚህኛው ላይ መስመር አይጨምርልህም፤ አትቀየመው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ያለ ማሽን ኮምፒውተር ማስተማር ይቻላል?

አረጋሽ

*

ድሬስደን
የካቲት 25 ቀን 1981 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባባን በሩ ላይ አቁመሽው መዶሻውን ሳያስቀምጥ ትተሽው ሄደሻል። የእስክሪብቶሽም ቀለም ከዚያ በኋላ ተለውጧል። አባባ ከመቼ ወዲህ ነው ለአንዲት መስመር ጊዜ የሚያጣው? አንድ ነገር ካለ ንገሪኝ። መንገር የማትችዪው ከሆነም፣ እስከምትችዪበት ቀን ድረስ እጠብቃለሁ። ከዚህ በላይ በፖስታ አልጠይቅሽም።

ለጥያቄሽ መልሱ፦ ይቻላል። እኔም ራሴ ማሽን ከመንካቴ በፊት በወረቀት ነው የተማርኩት። ልጆቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ከወረቀትም የተሻለ አለ። ሜዳ ላይ ስምንት በስምንት አሰልፊያቸው። «አንድ» የተባለ ይነሳ፣ «ዜሮ» የተባለ ይቀመጥ። ከፍ ያለ ቦታ ሆነሽ እዪ። የማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚሆነው ያ ነው፤ እነሱ ራሳቸው ማሽኑ ይሆናሉ።

እዚህ በረዶው አልቀለጠም። እኔን ግን የሚያበርደኝ እሱ አይደለም።

አምሐ

*

ብስራተ ገብርኤል
ሐምሌ 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

የኔ ወንድም፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የቀድሞ ተማሪዬ ጫልቱ ለትምህርት ወደ እናንተ አገር ስለምትመጣ በእጇ ትሰጥሃለች። ስለዚህ ሳልፈራ እጽፋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን አንብብ፦ አባባ ቤት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ መጥቷል። አሁን የቀረውን ተቀምጠህ አንብብ።

ሀ የወጣች ዕለት ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ልጆች በየቀኑ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ሰው «ጴንጤዎቹ የተከለከለውን ጸሎት በልጆች ጀምረዋል» ብሎ ለቀበሌ አመለከተ። ቤተ ክርስቲያናችን ከተዘጋ ወዲህ አባባ በዓይን የሚጠበቅ ሰው መሆኑን ታውቃለህ። ልጆቹ «ሀ!» ብለው ሲጮኹ ከውጭ ለሚሰማ ሰው ምን እንደሚመስል አስበው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ደስታዬን ስጽፍልህ የቀበሌው ጥበቃዎች በሩን ገፍተው ገቡ።

«የዚህ ስብሰባ ኃላፊ ማን ነው?»

«እኔ መምህርት ነኝ፤ ይህ…» ብዬ ስጀምር አባባ መዶሻውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረና ከፊቴ ቆመ።

«ቤቱ የኔ ነው። የምትጠይቁት እኔን ነው» አላቸው።

እሱንም፣ ማሽኑንም፣ ቴሌቪዥኑንም ወሰዷቸው። እትዬ አሰገደች ቴሌቪዥናቸውን ለማስመለስ ሲሄዱ ስለ አባባ መስክረው፣ ተሰድበው ተመለሱ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ይቀራሉ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ ከነካርቶናቸው ደጃፌ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ከድጃ «አባቴ ሂጂ ብሎኛል» አለችኝ። ያኔ ነው ያለ ማሽን ይቻላል ወይ ብዬ የጻፍኩልህ።

መልስህ ሲደርሰኝ በትምህርት ቤቱ ሜዳ አደረግነው፤ የመስኮት ነገር እንዳይነሳ በጠራራ ፀሐይ። ከድጃ ወረቀቷን ይዛ ትጠራለች፤ «ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ…» ልጆቹ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። በዚያ መካከል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወጋየሁ ሜዳው ውስጥ ቆሞ አየሁት። ማን እንደጠራው አላውቅም። ከድጃ ግን መጥራቷን አላቆመችም።

«ይሄ ምን ዓይነት ስፖርት ነው?» አላት።

«ስፖርት አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ፊደል ነው።»

«እኔ የሚታየኝ የሚነሳና የሚቀመጥ ልጅ ነው።»

«ታች ሆነው ስለሚያዩት ነዋ። ፎቁ ላይ ይውጡ።»

እንዲህ አለችው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ! እሱም ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ከሰገነቱ ላይ አብረን ወደ ታች አየን። ቀይ አፈሩ ላይ የልጆቹ ራሶች፣ ሰማያዊ ሹራባቸው፣ የቆሙት ከተቀመጡት ተለይተው፦ ለ። እግሮቿን ዘርግታ። ከዚያ ከድጃ ጠራች፤ ሜዳው ተንቀሳቀሰ፤ ለ ፈርሳ መ ተሠራች። አንድም ልጅ ሠራሁ የሚለውን ፊደል አያይም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን መነሳትና መቀመጥ ብቻ ነው። ከላይ ግን ይነበባል። አጠገቤ ማን እንደቆመ ረሳሁ።

ጓድ ወጋየሁ፣ «የተወሰደው ዕቃ የሚሠራው ይህንን ነው?» አለኝ።

«ይህንን ነው።»

«ሌላ ምንም?»

«ሌላ ምንም።»

ኮፍያውን አስተካክሎ ወረደ። በሳምንቱ ማሽኑን ከነቴሌቪዥኑ በሰው አስይዞ ላከው። አባባን ግን አልላከውም። እሱ ከቀበሌ አልፎ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ ነበር። የግንቦቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲመጣማ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ምን እንደነበረ እዚያም ሰምተሃል። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። ለምን እንደያዙት እንዳልነገሩት ሁሉ ለምን እንደለቀቁትም አልነገሩትም።

ለምን ራሱ አይጽፍልኝም ትላለህ። ለጊዜው አትጠይቀኝ። ይህን ሁሉ ስደብቅህ የነበረው እዚያ ብቻህን ሆነህ «የላክሁት ዕቃ ነው ያሳሰረው» እያልህ ራስህን እንዳትበላ ነው። አባባም «ዕቃው አይደለም፣ ፍርሃት ነው ያሳሰረኝ፤ የነሱ ፍርሃት» ብሏል፤ ይህንኑ ንገሪልኝ ብሎኛል።

አረጋሽ

*

ድሬስደን
ነሐሴ 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ጫልቱ ደብዳቤውን ስትሰጠኝ ጣቢያው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሻይ እንኳን ሳልጋብዛት ሄደች፤ ስትጽፊላት ይቅርታ ጠይቂልኝ። የአባባን ቃል ሰምቻለሁ፤ ልቤ ግን ገና አልሰማውም።

አንድ ነገር ብቻ። ከመሄዷ በፊት ጫልቱን ስለ አባባ ጠየቅኋት። «ጋሽ ተካ ሰላም ሲለኝ ግራ እጁን ነው የሰጠኝ» ብላኛለች። እውነቱን ጻፊልኝ።

አምሐ

*

ብስራተ ገብርኤል
ጥቅምት 8 ቀን 1982 ዓ.ም.

ወንድሜ አምሐ፣

እሺ። የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። እዚያ ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። መላጊያም፣ መጋዝም፣ እስክሪብቶም አይይዝም። ሐኪም አይቶታል፤ ወደ ነበረበት ይመለሳል አላለም። አዝኜ ነው የምነግርህ፤ ግን አሁን ሌላም የምነግርህ ነገር ስላለ ነው የጻፍኩልህ።

አባባ ከመጣ በኋላ የአናጺነት ክፍሉን አይገባበትም ነበር። ልጆቹ ሲማሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከድጃ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። «ጋሽ ተካ፣ ይሄ ነገር እጅ አይፈልግም። ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሱም አንድ» አለችው። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ገባ።

ልጆቹ በክረምቱ ብዙ ፊደል ሠርተዋል፤ ግን ገና ሙሉውን ገበታ አልጨረሱም። አባባ በግራ እጁ ጣት አንድ ፊደል ፈልጎ ይጫናል፤ ሲወጣለት ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ሌላውን ይፈልጋል። የሚፈልገው ቃል ውስጥ ልጆቹ ገና ያልሠሯት አንዲት ፊደል ነበረች። «ሌላ ቃል ይምረጡ» አልነው። «አይሆንም፤ እሷኑ ሥሩልኝ» አለ። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ እሷን ስንሠራ ዋልን፤ ጅራቷ አልመች ብሎን። አባባ እንደ ድሮው፣ እንጨት ሲለካ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ትንሽ ወደ ቀኝ» እያለ ያሠራን ነበር።

ካሴቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ውስጡ ያለውን አልነግርህም። ሙዚቃ መስሎት የሚያጠፋው ሰው እንዳይኖር ፈርቶ ውዳሴ «ኮምፒውተር ነው» ብሎ ጽፎበታል። እናንተ አገር ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጥቷል ሲባል በሬዲዮ ሰማን። ተጠንቀቅ።

አረጋሽ

*

ድሬስደን
ኅዳር 6 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእታለሜ አረጋሽና ለአባባ፣

በሬዲዮ የሰማችሁት እውነት ነው፤ ከሰማችሁትም በላይ ነው። በርሊን ላይ ግንቡ ተከፍቷል። የማያውቁ ሰዎች መንገድ ላይ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ዩኒቨርሲቲው ባዶ ነው፤ ሁሉም ያንን ሊያይ ሄዷል። እኔም ልሄድ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ነው ካሴቱ የደረሰኝ። ወደ በርሊን አልሄድኩም። ወደ ላቦራቶሪው ተመለስኩ።

እዚያ የቀረው ላቦራቶሪውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ቁልፉን ለመንኳቸው። ካሴቱን ከተትኩ፤ ያ ጩኸት ቤቱን ሞላው፤ ከአባባ የሥራ ክፍል የመጣ ጩኸት። ሽማግሌው ጆሯቸውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ዝም አለ፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ ል ወጣች። ብቻዋን።

ቀጣይዋ አልመጣችም። የተበላሸ መስሎኝ ልነካው እጄን ሰነዘርኩ። ያኔ ጄ ወጣች። ነገሩ ከዚያ ነው የገባኝ፤ ልጆቹ በየፊደሉ መካከል መቆያ አስገብተውበታል፤ አባባ ቁልፉን ፈልጎ እስኪያገኝ የቆየውን ያህል። እኔ የማየው የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ አባባ ሲጽፍ ነበር የማየው። ጣቱ ስትፈልግ አየኋት፤ ሲያገኝ አየሁት። እስትንፋሱን ሰማሁት ብል አትሳቁብኝ።

ልጄ ሥራህን አየሁ። ተካ

በኋላ ሽማግሌው ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «የየት አገር ጽሑፍ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እዚህ ማሽን ውስጥ ማን ከተተው?» አሉ። «ልጆች፤ ከትምህርት በኋላ የሚማሩ ልጆች» አልኳቸው። ወደ ማሽኑ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ግንቡን እንኳ ሲፈርስ አላየሁም፤ ጉልበቴ አይችልም። ይህንን ግን አየሁ» ብለው ቃሉን እንደገና እንዳወጣው ጠየቁኝ። አወጣሁት። ሁለታችንም እስኪያልቅ አየነው።

አባባ፣ መልሴን በካሴቱ ሁለተኛ ፊት ላይ አድርጌዋለሁ። «አባባ» ብዬ ልጀምር ስል ባን አጣኋት፤ ልጆቹ ገና አልሠሯትም። ሌላ ቃል ልፈልግ ብዬ ነበር፤ ትቼው በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሰመረ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ኢንጂነር ለመሆን የተቃረበን ሰው አንዲት ባ ስታታግለው ዋለች። አንዷ እግሯ አሁንም የተንጋደደች ይመስለኛል። ከድጃ ትየውና ታርምልኝ።

አምሐ